«መስት» ወይስ «ሃቭ ቱ»? «ካን» ወይስ «ሜይ»? የእንግሊዝኛ ሞዳሎች አመራረጥ

አማርኛ «ይችላል» ብሎ የሚጨርሰውን ነገር እንግሊዝኛ ለአራት ቃል ያካፍለዋል፦ ካን፣ ኩድ፣ ሜይ፣ ማይት። «አለበት»ም መስት፣ ሃቭ ቱ፣ ሹድ እየሆነ ይበተናል። የሞዳሎችን፣ ማለትም ከዋናው ግስ በፊት እየገቡ ግዴታን፣ ፈቃድን ወይም ግምትን የሚያሳዩትን አጋዥ ቃላት፣ ዝርዝር በቃሉ የያዘ ሰው ለሥራ ቃለ መጠይቅ ሲቀመጥ ወይም ለአለቃው ኢሜይል ሲጽፍ የሚደናገረው ለዚህ ነው፤ የአማርኛው ቃል ብቻውን የትኛውን እንደሚመርጥ አይነግረውም። የሚነግሩት ሦስት ጥያቄዎች ናቸው፦ ግዴታው ወይም ፈቃዱ ከማን መጣ? ስለ ነገሩ ምን ያህል እርግጠኛ ነኝ? የማናግረው ሰው ማን ነው? የእንግሊዝኛውን ዓረፍተ ነገር እንደ ድምፁ በፊደላችን ጽፈነዋል፤ ጮክ ብለው ቢያነቡት ይጠቅማል።

በመጀመሪያ ስለ አቀማመጡ ጥቂት። ከሞዳል ቀጥሎ የሚመጣው ግስ ምንም ያልተቀጠለበት ነው፤ «ቱ» አይገባበትም፣ «ኤስ»ም «ኢንግ»ም አይጨመርበትም። «አይ ካን ቱ ጎ» የሚለው ስህተት ከእኛው «መሄድ እችላለሁ» የመጣ ነው፤ «መ» የምትለዋ ፊደል «ቱ» ሆና ትገባለች። ጥያቄ ሲሆን «ዱ ዩ ካን» ሳይሆን «ካን ዩ» ነው። ሁለት ሞዳል ጎን ለጎን አይቆምም፤ «ነገ መምጣት እችላለሁ» ለማለት «አይ ዊል ካን ካም» የሚሉ ብዙ ናቸው፣ ትክክሉ «አይ ዊል ቢ ኤብል ቱ ካም» ወይም በአጭሩ «አይ ካን ካም ቱሞሮው» ነው። «ዊል መስት»ም «ዊል ሃቭ ቱ» ይሆናል። «ሃቭ ቱ» ግን ጠባዩ የተራ ግስ ስለሆነ «ሺ ሃዝ ቱ»፣ «ዱ ዩ ሃቭ ቱ»፣ «ሃድ ቱ» እየተባለ ይረባል።

ግዴታ፦ መስት እና ሃቭ ቱ

በአዎንታ ልዩነታቸው ትንሽ ነው። «መስት» ግዴታው ከተናጋሪው ከራሱ ሲመጣ ይስማማል፦ «አይ መስት ኮል ማይ መዘር»፣ እናቴ ጋ መደወል አለብኝ፤ ማንም አላዘዘኝም፣ የሚያስጨንቀኝ እኔን ነው። «ሃቭ ቱ» ከውጭ ለመጣው ነው፦ «አይ ሃቭ ቱ ስታርት አት ሲክስ»፣ የሥራ ፈረቃዬ እንደዚያ ስለሆነ። በዕለት ተዕለት ንግግር፣ በተለይ በአሜሪካ፣ ቦታውን የያዘው «ሃቭ ቱ» ነው፤ «መስት» በይበልጥ ለማስታወቂያ፣ ለደንብና ለሕግ ጽሑፍ ቀርቷል። ስለዚህ ሲጠራጠሩ «ሃቭ ቱ» ይበሉ። ለሥራ ባልደረባ «ዩ መስት ፊኒሽ ዚስ» ማለት አዛዥ ያስመስላል።

ጣጣው ያለው አሉታው ላይ ነው። «መስንት» ክልክል ነው ማለት ነው። «ዶንት ሃቭ ቱ» ደግሞ ግድ አይደለም፣ ከፈለጉ ግን ይችላሉ ማለት ነው። የእኛ «የለብህም» ሁለቱንም ይሸከማል፤ የትኛው እንደሆነ የምንለየው ከሁኔታው ነው። አንዲት ነርስ ለታካሚዋ «ከምርመራው በፊት ምግብ መተው የለብዎትም» ለማለት ፈልጋ «ዩ መስንት ፋስት» ካለች፣ ታካሚው መጾም ተከለከልኩ ብሎ ይወስደዋል። የፈለገችው «ዩ ዶንት ሃቭ ቱ ፋስት» ነበር። ተገላቢጦሹ የባሰ ነው፦ «ይህን መድኃኒት ከአልኮል ጋር መውሰድ የለብዎትም» የሚለው «ዩ ዶንት ሃቭ ቱ ቴክ ዚስ ዊዝ አልኮሆል» ሆኖ ከወጣ፣ አልኮሉ ግዴታ አይደለም፣ ካማረዎት ግን ይጠጡ እንደማለት ነው።

መለያው እንዲህ ነው፦ የአማርኛው «የለብዎትም» በ«ክልክል ነው» ሲተካ ትርጉሙ ካልተናጋ «መስንት»፣ በ«ግድ አይደለም» ሲተካ ካልተናጋ «ዶንት ሃቭ ቱ»። በንግግር ለክልከላ «ካንት» ከ«መስንት» ይልቅ ይዘወተራል፦ «ዩ ካንት ፓርክ ሂር»። አጠራሩንም ልብ ይበሉ፤ «መስትንት» ተብሎ አይነበብም፣ የመካከሉ «ት» ይዋጣል።

ሕጉ በዚህ ላይ ምን ያህል ጥብቅ እንደሆነ ለማየት የብሪታንያን የመንገድ ደንብ መጽሐፍ፣ ሃይዌይ ኮድን፣ መክፈት ይበቃል። በትልልቅ ፊደል «መስት» ወይም «መስት ኖት» የተጻፈበት ደንብ ሕግ ነው፤ የጣሰው ይከሰስበታል። «ሹድ» የሚለው ምክር ነው፤ አለመከተሉ ብቻውን አያስከስስም፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከደረሰ ግን በማስረጃነት ሊቀርብ ይችላል። ለንደን ሆኖ ለመንጃ ፈቃድ የጽሑፍ ፈተና የሚዘጋጅ ሰው ሁለቱን ቃላት አንድ አድርጎ ካነበበ ደንቡን በግማሽ ነው የሚያውቀው። የኢንተርኔት መሥፈርት ጸሐፊዎችም እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣው አር ኤፍ ሲ 2119 በተባለ ሰነድ ቃላቱን ወስነዋቸዋል፦ «መስት» ፍጹም ግዴታ፣ «ሹድ» በቂ ምክንያት ካለና መዘዙ ከተመዘነ ሊተው የሚችል፣ «ሜይ» ቢደረግም ቢተውም የሚቻል። በሶፍትዌር ሥራ ላይ ያሉ ይህን ሰነድ ደጋግመው ያገኙታል።

ያለፈ ጊዜ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። «መሄድ ነበረብኝ» በአማርኛ ሄጃለሁም አልሄድኩምም ሊሆን ይችላል። እንግሊዝኛ ለሁለት ይከፍለዋል፦ «አይ ሃድ ቱ ጎ» ግድ ሆኖብኝ ሄድኩ፣ «አይ ሹድ ሃቭ ጎን» መሄድ ሲገባኝ ሳልሄድ ቀረሁ። ትናንት ከሥራ ለምን እንደቀሩ ለአለቃዎ ሲያስረዱ «አይ ሹድ ሃቭ ጎን ቱ ዘ ሆስፒታል» ካሉ፣ ሆስፒታል አልሄድኩም ብለው በገዛ አፍዎ እየመሰከሩ ነው።

ምክር፦ ከሹድ እስከ ሃድ ቤተር

«ዛሬ ብትሄድ ይሻልሃል» ከምክር ሁሉ ለስላሳው ነው። ቃል በቃል ሲወሰድ «ዩ ሃድ ቤተር ጎ ቱደይ» ይሆናል፤ እንግሊዝኛው ግን ለስላሳ አይደለም። «ሃድ ቤተር» ውስጥ «አለበለዚያ ወዮልህ» የሚል ነገር ተቀምጧል። እናት ለልጇ፣ ጓደኛ ለጓደኛው ይለዋል፤ «ዩድ ቤተር ሃሪ፣ ዘ ባስ ኢዝ ሊቪንግ» ብትል አውቶቡሱ ያመልጥሃል ማለቷ ነው። ለሥራ አስኪያጅ «ዩድ ቤተር ቼክ ዚስ ሪፖርት» ብሎ መጻፍ ግን ዛቻ ነው።

ከለስላሳው ወደ ጠንካራው ሲደረደሩ፦ «ዩ ማይት ዎንት ቱ»፣ «ዩ ኩድ»፣ «ዩ ሹድ»፣ «ዩድ ቤተር»፣ «ዩ ሃቭ ቱ»። «ኦት ቱ» ከ«ሹድ» ጋር አንድ ነው ቢባል ይቀላል፤ ሰምቶ መረዳት እንጂ መልመድ አያስፈልግም። ለእኩያ «ሹድ» ይበቃል፣ በተለይ «አይ ቲንክ» ከፊቱ ሲገባ፦ «አይ ቲንክ ዩ ሹድ ቶክ ቱ ኸር»። ከላይ ላለ ሰው ወደ «ማይት ዎንት ቱ» ይውረዱ።

ይኸው ለስላሳ ቃል ወደ እርስዎ ሲመጣ ግን በቁሙ አይውሰዱት። አለቃዎ «ዩ ማይት ዎንት ቱ ሉክ አት ፔጅ ስሪ አጌን» ካለዎት ምርጫ እየሰጠዎት አይደለም። ሦስተኛው ገጽ ላይ ስህተት አለ፣ አስተካክል እያለ ነው። «ኩድ ዩ ሴንድ ኢት ባይ ፋይቭ?»ም ጥያቄ ይምሰል እንጂ ትእዛዝ ነው።

ይቻላል፦ ካን፣ ኩድ፣ ሜይ፣ ማይት

እዚህ ላይ አማርኛ ራሱ ይረዳናል። «መምጣት ይችላል» ስንል ችሎታ ወይም ፈቃድ ነው፤ «ሊመጣ ይችላል» ስንል ብዙውን ጊዜ «ምናልባት» ማለታችን ነው። ስለዚህ «መ» ካለ «ካን»፣ «ሊ» ካለ «ሜይ» ወይም «ማይት» ይሞክሩ፤ አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል። «ነገ ሊዘንብ ይችላል» ማለት «ኢት ማይት ሬይን ቱሞሮው» ነው፤ ስለ ነገ ሲሆን «ኢት ካን ሬይን» አይባልም። «ካን» የሚገባው ስለ አንድ ቀን ሳይሆን በጠቅላላው ሲወራ ነው፦ «ኢት ካን ሬይን ኢን አዲስ ኢን ማርች»፣ የበልግ ወቅት ነውና መዝነቡ ያለ ነገር ነው።

በ«ሜይ» እና በ«ማይት» መካከል ሰዋስው መጻሕፍት «ማይት» ትንሽ እርግጠኝነት ይጎድለዋል ይላሉ። በንግግር ግን ይህን የሚለካ ሰው የለም፤ «ማይት» የአፍ፣ «ሜይ» የወረቀት ነው ቢባል ይበልጥ ይጠቅማል። የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ «ሜይ ኮዝ ድራውዚነስ» ይላል፤ እንቅልፍ እንቅልፍ ሊል ይችላል እንጂ ይላል አላለም። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት «ዩ ሜይ ቢ ኤሊጂብል» የሚል ደብዳቤ ሲደርስም ይገባዎታል ማለት አይደለም፣ ሊገባዎት ይችላል ነው፤ በዚህ ቃል ተማምኖ ገንዘብ ማውጣት አይገባም።

አሉታው ላይ ከ«ሜይ» ይጠንቀቁ። «ስቱደንትስ ሜይ ኖት ሊቭ» መውጣት አይፈቀድላቸውም ወይም ምናልባት አይወጡ ይሆናል፣ ሁለቱንም ያስነብባል። «ምናልባት አይመጣም» ለማለት «ሂ ማይት ኖት ካም» ይበሉ፤ አሻሚነቱ ይጠፋል። በ«ኩድንት» ግን አይተኩት፤ «ኢት ኩድንት ቢ ትሩ» ፈጽሞ እውነት ሊሆን አይችልም ነው።

ፈቃድና ጥያቄ

አማርኛ አክብሮቱን በግሱ ውስጥ ይዞታል፤ «ላክልኝ» እና «ይላኩልኝ» ብሎ መለየት ይበቃል። እንግሊዝኛ «እርስዎ» የለውም፤ አክብሮቱን የሚሸከመው ሞዳሉ ነው። «ፕሊዝ ሴንድ ሚ ዘ ፎርም» በእኛ ጆሮ ጨዋ ነው፣ «እባክዎ» አለበትና። በእነሱ ጆሮ ግን ፕሊዝ የተጨመረበት ትእዛዝ ነው። «ኩድ ዩ ሴንድ ሚ ዘ ፎርም፣ ፕሊዝ?» ሲባል ነው ልመና የሚሆነው። «ካን ዩ» ለጓደኛ፣ «ኩድ ዩ» ወይም «ዉድ ዩ» ለማያውቁት ሰውና ለአለቃ። «ሜይ ዩ ሄልፕ ሚ» አይባልም፤ «ሜይ ዩ» ምርቃት ነው፦ «ሜይ ዩ ሊቭ ሎንግ»፣ ዕድሜ ይስጥልኝ።

ለራስ ፈቃድ ሲጠየቅ «ካን አይ» ለካፌና ለወዳጅ፣ «ኩድ አይ» ለሁሉም ቦታ፣ «ሜይ አይ» ለመደበኛ አጋጣሚ ነው። ክፍል ውስጥ የለመድነው «ሜይ አይ ጎ አውት» ስህተት የለበትም፤ አብሮዎት ለሚሠራ እኩያ ግን ከመጠን በላይ ይገዝፋል። መልሱ ሲመጣ «ኩድ» ይቀራል፦ «ኩድ አይ ሊቭ ኧርሊ?» ተብለው ሲጠየቁ «የስ፣ ዩ ካን» ይበሉ እንጂ «የስ፣ ዩ ኩድ» አይበሉ። ጠያቂው ነው የሚሽኮረመመው፣ ፈቃጁ አይደለም።

«ዉድ ዩ ማይንድ ኦፕኒንግ ዘ ዊንዶ?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ሰው ያደናግራል። ጥያቄው ቅር ይልዎታል ወይ ስለሆነ፣ ሊከፍቱ የፈቀዱ እንደሆነ መልሱ «ኖ፣ ኖት አት ኦል» ነው። «የስ» ብለው ተነስተው መስኮቱን ቢከፍቱ ሰውየው ግራ ይጋባል።

«ካን» ወይስ «ካንት»፣ በጆሮ

በአሜሪካ እንግሊዝኛ የ«ካንት» የመጨረሻ «ት» በግልጽ አይፈነዳም፤ ስለዚህ ሰሚው ሁለቱን የሚለየው በአናባቢው ነው። በአዎንታ «ካን» ይሰለስላል፣ ጫናው ወደ ግሱ ይሄዳል፦ «አይ ክን ጎ»፣ «ጎ» ከፍ ብላ። በአሉታ ሞዳሉ ራሱ ይጠነክራል፦ «አይ ካንት ጎ»። እኛ ደግሞ እያንዳንዱን ቃል እኩል አጥርተን እንናገራለን። «አይ ካን ወርክ ሳንደይ» ብለው ካንን አጥብቀው ሲጠሩት አሜሪካዊው አይችልም ብሎ ሊሰማ ይችላል፣ ፈረቃውም ለሌላ ይሰጣል። ማረሚያው «ካን»ን ማሳጠርና ግሱን ማንሳት ነው፤ ካልተማመኑ «የስ፣ አይም ኤብል ቱ» ብለው ያጽኑት። ለአሉታው «ካንኖት» ቢሉ ጥቂት ይደርቃል እንጂ ማንም አይስትዎትም። «ኩድ»፣ «ዉድ»፣ «ሹድ» ውስጥ የተጻፈችው «ኤል» ደግሞ አትነበብም።

«ቻለ» ሁልጊዜ «ኩድ» አይደለም

«በልጅነቴ መዋኘት እችል ነበር» ቢሉ «አይ ኩድ ስዊም» ልክ ነው፣ የቆየ ችሎታ ነውና። «እሳቱ ሲነሳ ሁሉም መውጣት ቻሉ» ግን አንድ ጊዜ የተሳካ ድርጊት ስለሆነ «ኤቭሪዋን ወዝ ኤብል ቱ ጌት አውት» ወይም «ማኔጅድ ቱ» ይባላል፤ «ኩድ» ብቻውን መውጣታቸውን አይናገርም። ማየትና መስማት ከዚህ ነጻ ናቸው፣ «አይ ኩድ ሂር ዘም» ይባላል። በአሉታም ልዩነቱ ይጠፋል፤ «ኩድንት» ለሁለቱም ይሠራል።

ግምት

መብራቱ በርቶ አይተው «ቤት ሳይኖሩ አይቀሩም» ካሉ «ዘይ መስት ቢ ሆም» ነው። ማስረጃ በዓይንዎ ካለ «መስት»፣ እንዲሁ መላ ምት ከሆነ «ዘይር ፕሮባብሊ ሆም»፤ አማርኛው ለሁለቱም ይሠራልና ይለዩት። አሉታው «መስንት ቢ» አይሆንም፣ «ዘይ ካንት ቢ ሆም» ነው፦ አሁን ገበያ ስላየኋቸው ቤት ሊሆኑ አይችሉም። ጉዳዩ ያለፈ ከሆነ «ሃቭ» ይጨመራል፦ «ዘይ መስት ሃቭ ሌፍት» ሳይሄዱ አልቀሩም፣ «ዘይ ማይት ሃቭ ሌፍት» ምናልባት ሄደው ይሆናል፣ «ዘይ ካንት ሃቭ ሌፍት» ሄደው ሊሆን አይችልም። በንግግር «ሃቭ» ተውጦ «ሹደቭ»፣ «መስተቭ» ይሆናል፤ አፍ መፍቻቸው የሆነ ሰዎች ሳይቀሩ በጽሑፍ «ሹድ ኦፍ» እያሉ ይሳሳታሉ። እርስዎ አይከተሏቸው።

ዊል፣ ጎኢንግ ቱ፣ ዉድ

ካፌ ውስጥ ሒሳቡ ሲመጣ «እኔ እከፍላለሁ» ለማለት «አይል ፔይ» ነው፤ እዚያው የተወሰነ ነውና። «አይም ጎኢንግ ቱ ፔይ» አስቀድሞ የታሰበበት ነው። አማርኛው አይለያቸውም፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ግን ይሰማዋል። «ዎንት» እምቢታንም ይይዛል፦ «ዘ ካር ዎንት ስታርት»፣ መኪናው አልነሳ አለ፤ የእኛው «አልነሳ አለ» ራሱ ነው።

በሁኔታ ዓረፍተ ነገር የአማርኛ ሰዋስው ለእንግሊዝኛው መንገድ ይጠርጋል። «ካገኘሁ እገዛዋለሁ» በ«ዊል»፣ «ባገኝ እገዛው ነበር» በ«ዉድ»፣ «አግኝቼ ቢሆን ኖሮ በገዛሁት ነበር» በ«ዉድ ሃቭ» ይገባል። ሞዳሉ የሚቀመጠው በውጤቱ በኩል ነው፤ ከ«ኢፍ» ቀጥሎ «ዊል»ም «ዉድ»ም አያስገቡ። «ኢፍ አይ ዊል ጌት» የሚለው በጣም የተለመደ ስህተት ነው፤ «ኢፍ አይ ጌት» ይበቃል።

«ዉድ» የድሮ ልማድንም ይተርካል፦ «ማይ ግራንድማዘር ዉድ ሜክ ኮፊ»፣ አያቴ ቡና ታፈላ ነበር። መኖር፣ ማወቅ፣ መውደድ ላይ ግን አይሠራም። «ጎንደር እኖር ነበር» ማለት «አይ ዩዝድ ቱ ሊቭ ኢን ጎንደር» ነው፤ «አይ ዉድ ሊቭ» ካሉ ብኖር ደስ ይለኛል ዓይነት ይሆናል። ሱቅ ገብቶ «አይ ዎንት» ማለትም ልጅ ያስመስላል፤ «አይድ ላይክ» ይበሉ።

«ሻል» ለዕለት ኑሮ ብዙም አያስፈልግም። ብሪታንያ ውስጥ «ሻል ዊ ጎ?» እንሂድ?፣ «ሻል አይ ኦፕን ኢት?» ልክፈተው? ለማለት ይሆናል፤ አሜሪካኖች ለሁለተኛው «ሹድ አይ» ይላሉ። የሚያስፈልገው ውል ሲያነቡ ነው። የቤት ኪራይ ውል ላይ «ዘ ቴናንት ሻል ፔይ» ካለ ተከራዩ የመክፈል ግዴታ አለበት። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የቀላል ጽሑፍ መመሪያ በ«ሻል» ፋንታ «መስት» እንዲጻፍ ይመክራል፤ አከራዮችና ጠበቆች ግን አሁንም ይጽፉታል፣ ስለዚህ ከመፈረምዎ በፊት «ሻል» ያለበትን መስመር ሁሉ «መስት» ብለው ያንብቡት።